ርቆ የሄደ ሰው አገሩን እንዴት ይቀርጻል?

ስለ ኢትዮጵያ ተሠርተው በዓለም መድረክ ስማቸው ከገነነ ፊልሞችና ፎቶግራፎች ብዙዎቹ አገር ለቀው የወጡ ሰዎች ሥራ ናቸው። በዚህ የተነሳ ለዓመታት ያልበረደ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ውጭ የኖረ ሰው የሚያሳየን የጥንቱን ነው፤ የዛሬውን አያውቀውም» ይላል። ሌላው «አገር ቤት ያለው ሊናገር ያልቻለውን እነሱ ተናገሩ» ብሎ ይሞግታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስደት በትዝታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይመስለኛል።

የሄደ ሰው አገሩን የሚያስታውሳት በወጣበት ቀን እንደነበረች ነው። የሰፈሩ መንገድም፣ የእናቱ ዕድሜም እዚያው ላይ ይቆማል። አገር ግን አትጠብቅም፤ መንግሥት ይለወጣል፣ ቤት ይፈርሳል፣ ሰው ይሞታል። ይህን ክፍተት ሸፋፍኖ የሚያልፍ ሥራ ከናፍቆት አይዘልም። ክፍተቱን ራሱን የሚያሳይ ግን ዕድሜ ይኖረዋል።

ለዚህ ከፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተሻለ ምስክር የለም። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ። ልጅየው በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቴአትር ሊማሩ አሜሪካ ሄዱ፤ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተምረው በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1974፣ ዘውዱ ሲንገዳገድ፣ ለአጭር ጊዜ አገር ቤት ገብተው በጥቁርና ነጭ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ።

ገንዘብ ፍለጋ ከአሥር ዓመት በላይ የወሰደባቸው «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው። በደርግ የመጨረሻ ዘመን አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ ግን አያስታውስም። ሌሊት እየባነነ ይጮኻል፣ ጠበል ይረጩታል፣ የመንደሩ ልጆች የወታደር አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ። የጀርመን ትዝታው፣ የአዲስ አበባው ሽብርና የልጅነቱ ዘመን ተራ ሳይጠብቁ ይደራረባሉ። ኃይሌ ፊልሙን ቅደም ተከተል የነሱት የተመላሽ ሰው ትዝታ ራሱ ቅደም ተከተል ስለሌለው ነው። አንበርብር የተማረው አገሩን ሊያክም ነበር፤ የተመለሰው ራሱ ታካሚ ሆኖ ነው።

የፊልም ሠሪዋ ሳሌም መኩሪያ ቁስል ከዚህ ይለያል። እሳቸው አሜሪካ ሳሉ አብዮቱ ወንድማቸውንና የልብ ጓደኛቸውን በላ። በ1997 የሠሩት «የወንዝ ማዕበል» ዘጋቢ ፊልም በቦታው ያልነበረ ሰው ሐዘኑን እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ነው። በቀብር ላይ ያልቆመ ሰው ያላየውን በምናቡ መሙላት ግድ ይለዋል። ይህን ፈጠራ ብቻ ብሎ ማጣጣል የሐዘንን ባሕርይ አለማወቅ ነው።

በልጅነታቸው የሄዱት ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ዓለምወርቅ ዳቪዲያን በ11 ዓመቷ ከአዲስ አበባ እስራኤል ገባች። በ2018 የወጣው ፊልሟ «ፊግ ትሪ» የሚጀምረው በ1989ዋ አዲስ አበባ ነው። የ16 ዓመቷ ቤተ እስራኤላዊት ሚና ወደ እስራኤል ልትሄድ ነው፤ የምትወደው ክርስቲያኑ ልጅ አፈሳን ፈርቶ ዛፍ ላይ ይደበቃል። እዚህ ላይ ስደት የደስታ ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ጥሎ መሄድም ነው። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ16 ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ወጥታ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ በጫት ዙሪያ «ፋያ ዳዪ»ን (2021) ሠራች። ልብ የሚነካው፣ የሄደችው ልጅ ተመልሳ ለመሄድ የሚያስቡትን ማድመጧ ነው።

በፎቶግራፍ አይዳ ሙሉነህ አለች። በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በየመንና በቆጵሮስ አልፋ ካናዳ አደገች፤ በ2007 ተመለሰች፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ፊታቸውን በነጭ ወይም በሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሴቶቿ፣ ደማቁ ቀይና ቢጫ ልብሳቸው፣ ትኩር ያለው ዓይናቸው የረሃብ ዘመን የዜና ፎቶ ለኢትዮጵያ የሰጣትን መልክ ይሞግታሉ። «ዓለም ዘጠኝ ናት» የሚለው የአያቷ አባባል ለአንድ ተከታታይ ሥራዋ ርዕስ ሆኗል። አገሯን በሌሎች ካሜራ ስትታይ ያየች ሰው ናት የራሷን መልክ የፈለገችው።

ለመፈናቀል ደግሞ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። በ2024 ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የሰፈሩ መልክ የቀረው በነዋሪዎቹ ስልክና አልበም ውስጥ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ሥራ ከየቤቱ የሰበሰባቸው የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የፎቶ ቤት ምስሎች አልበም የከተማ ታሪክ ሰነድ መሆኑን አሳይተዋል።

ስለዚህ ማን አገሩን የማሳየት መብት አለው እያልን ከምንከራከር ሥራዎቹን ለሕዝብ እናድርስ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን እነዚህን ፊልሞች ገዝተው ያሳዩ፤ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ቅጂያቸውን ይያዝ፤ የፊልም ተማሪ ኃይሌንና ሳሌምን ሳያይ አይመረቅ። እኛም በየቤታችን ካለው ፎቶ ጀርባ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ እንጻፍ፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ። የወጣው የሚያስታውሰውና የቀረው የሚያውቀው በአንድ አዳራሽ ካልተገናኙ አንዱ የሌላውን ስህተት ሊያርም አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ደግሞ ለልጆቻችን የምናወርሰው የአገር ታሪክ ጎደሎ ይሆናል።