ልጄ ሞተር ሊቀይር ነው

ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ እ.ኤ.አ. የ1970 ሸቭሮሌት ሸቬል ገዝቷል። 5.7 ሊትር ሞተሯን አውርዶ 7.4 ሊትር ሊገጥምላት አስቧል። እብደት አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ በዚያው ዓመት ትልቁን ሞተር ሸቬል ላይ ገጥሞ ሸጧል፤ የኃይለኛው ዓይነት ጉልበት 450 ፈረስ ነበር። ሁለቱ ሞተሮች ከካምቢዮ ጋር የሚታሰሩበት የብሎን አቀማመጥም አንድ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ በዚህች መኪና የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ስለሠራሁ እቅዱን በስልክ አብረን ጻፍን። እሱ ከሞተሩ ጀመረ፣ እኔ ከፍሬኑ። የእሷ የፊት ፍሬን ታምቡር ነው፤ ደጋግመው ሲረግጡት ይግልና ይዳከማል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲስክ። ቀጥሎ ትልቅ ራዲያተር፤ በሐምሌ ሙቀት መንገድ ሲጨናነቅ አሮጌው ይህን ሞተር አያበርድም። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ የፊት ሞላዎቹም ይጠንክሩ። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን መቻላቸው ይታይ። የቤንዚኑን ወጪ ለሚስቱ ትቼዋለሁ!

“አባዬ፣ እንዲህ ከሆነ ለሞተሩ ምን ይተርፋል?” አለኝ።

“ሞተሩ ይቆይ፤ ያለውም ይሄዳል” አልኩት።

ሁለት ቀን አልደወለም። በሦስተኛው ቀን የዲስኮቹን ፎቶ ላከልኝ። እሁድ ሲደውል የኋላ ወንበሯን ቀበቶ አነሳበታለሁ፤ ወገብ ብቻ ነው የሚይዘው።