ከመንግሥታት በጀት የሚመነጭ ዓለም አቀፍ የምርምር ድጎማና የኢትዮጵያ ተመራማሪ፦ የገንዲ በሽታ ጥናት እንደ ማሳያ

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚያመራውን መንገድ ይዞ ወደ ኡኬ የሚወርድ ሰው ደጋውን ትቶ ወደ አንገር ሸለቆ ቆላ ይገባል። በዚህ ሸለቆና በዴዴሳ ተፋሰስ ለሚኖር ገበሬ ገንዲ የመማሪያ መጽሐፍ ርእስ አይደለም፤ በሬው ከስቶ ሲወድቅ እርሻው የሚታጎልበት በሽታ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ በወጥመድ መሰብሰብና የከብት ደም መመርመር በአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም የሚቻል ሥራ ነው። ጥገኛ ተሕዋሲው መድኃኒቱን የተላመደበትን ምክንያት በዘረመል ደረጃ ማጥናት ግን ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ቤተ ሙከራና ሌላ አጋር ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ያንን ገንዘብ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ያብራራል።

በባልደረቦቻችን ዘንድ የተለመደው አስተያየት «የአውሮፓ ገንዘብ ለአውሮፓውያን ነው» የሚል ነው። አስተያየቱ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቀውና ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተመደበለት ሆራይዘን ዩሮፕ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ተቋማት የጥሪው ሰነድ ካልከለከለ በቀር ተደጋፊ እንዲሆኑ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ገደቡ ያለው በጥምረቱ አመሠራረት ላይ ነው። በተለመደው የትብብር ፕሮጀክት ቢያንስ ሦስት ነጻ ተቋማት ከሦስት የተለያዩ የአውሮፓ ኅብረት አባል ወይም ተባባሪ አገሮች መምጣት አለባቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የግድ ከአባል አገር መሆን ይኖርበታል። የእኛ ተቋም በዚህ ቁጥር ላይ የሚጨመር እንጂ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ የሚቆጠር አይደለም። ስለዚህ ብቻችንን ልናመለክት አንችልም፤ ከተጋበዝን ግን እንደማንኛውም አጋር በጀት እንይዛለን።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በእንስሳት ገንዲ ላይ ያተኮረው «ኮምባት» የተሰኘ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ከሆራይዘን ዩሮፕ በፊት በነበረው ሆራይዘን 2020 ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ ሲሆን፣ ሲራድ በተባለው የፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም አስተባባሪነት የአውሮፓና የአፍሪካ ተቋማትን አሰባስቧል። በእኔ ግምት አንድ አስተባባሪ የአፍሪካ አጋር ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያየው በሽታው ባለበት ስፍራ የቆየ መረጃና የመስክ ተሞክሮ ያለውን ተቋም ነው። ከኡኬና ከአካባቢው ቀበሌዎች የተሰበሰበ የበርካታ ዓመታት የዝንብ ቆጠራ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ከሚቀር ይልቅ ለድርድር መቅረብ የሚችል ሀብት ነው።

ይሁንና ብዙ ጊዜ ዕድል የሚያመልጠው በሳይንስ ድክመት ሳይሆን በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። ማንኛውም አመልካች ተቋም በአውሮፓ ኮሚሽን የድጎማ መግቢያ ላይ ተመዝግቦ ባለ ዘጠኝ አኃዝ የተሳታፊ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ የውጭ አስተባባሪ «ቁጥራችሁን ላኩልን» ብሎ በጻፈ ጊዜ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ አራት ቢሮ ዞሯል። መልሱ የተገኘው ጥሪው ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ ተቋሙ ለካ ቀደም ብሎ ተመዝግቧል፣ የምዝገባው ኃላፊ ግን ሥራ ለቅቆ ሄዷል። ቁጥሩን ዛሬውኑ ጠይቆ መያዝ ምንም ወጪ የለውም። ከአውሮፓ አባልና ተባባሪ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠየቀው የጾታ እኩልነት ዕቅድ ከእኛ እንደ ቅድመ ሁኔታ እንደማይጠየቅም ማወቅ ይጠቅማል።

በጀትን በተመለከተ ሁለት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ጥሪ ለአስተዳደራዊና ለመሰል ወጪዎች ከቀጥተኛ ወጪው 25 በመቶ የሚታሰብ መሆኑ ነው። ይህ የተቋሙ መብት ነው፤ አጋር «ደግ» ስለሆነ የሚሰጠው አይደለም። ሁለተኛው ምንዛሬ ነው። በጀቱ በዩሮ ይጸድቃል፣ ወጪው በብር ይወጣል። የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በአሮጌ ተመን የተሰላ የመስክ አበልና የኬሚካል ግዥ ዝርዝር ወደ ትልመ ጥናቱ ከመግባቱ በፊት መከለስ አለበት።

የደም ናሙና ወይም ተሕዋሲ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከተዋል፤ ፈቃዱ የሚጠየቀውም ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሂደቱ ጊዜ ስለሚወስድ በሥራ ዕቅዱ ውስጥ የራሱ ወራት ይሰጠው።

ተቋሙ ገና ዝግጁ ካልሆነ ተመራማሪው በግሉ የሚገባበት በር አለ። የማሪ ስክሎዶቭስካ ኪዩሪ የዶክትሬት መረቦች በዜግነት አይገድቡም። የሦስተኛ ዲግሪ የሌለውና ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወራት በላይ ያልኖረ ወይም ያልሠራ ሰው ሊወዳደር ይችላል። ቦታዎቹ በደመወዝ የሚያዙ ሲሆኑ ማስታወቂያቸው ዩራክሰስ በተባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች መረጃ መረብ ላይ ይወጣል።

አጋር ፍለጋ ሲጀመር ደግሞ ከዚህ ቀደም የተደገፉ ፕሮጀክቶች ሁሉ የተመዘገቡበትን ኮርዲስ የተባለ የመረጃ ቋት መመልከት ይበጃል። በበሽታው ስም ፈልጎ የአስተባባሪዎቹን ዝርዝር ማውጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ የሚላከው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የሕይወት ታሪክ ሳይሆን የትኛው መረጃ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ በእጃችን እንዳለ ይግለጽ፤ ግርጌውም ላይ ያ ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ይስፈር።