የወታደሩ ጦርነት በፊልም፦ ከመተማ እስከ «ጤዛ»

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር የደርቡሾችን ቅጥር ሰብሮ ገብቶ ነበር። ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። ከገንዳ ውሃ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው መንገድ ዛሬ የሚያደርሰው በስማቸው ወደተጠራችው መተማ ዮሐንስ ነው። የንጉሡን አሟሟት ልጅ አዋቂው ይተርከዋል። ጌታው የወደቀበት ተራ ወታደር በዚያ በረሃ ቁስለኛ ተሸክሞ እንዴት ወደ ቀዬው እንደተመለሰ ግን ሲተረክ እምብዛም አይሰማም። የጦርነት ፊልሞቻችንም ጉድለት ይኸው ነው።

የጦር ሜዳችንን በብዛት የቀረጸው መጀመሪያ የወራሪው ካሜራ ነበር። በ1928ቱ ወረራ የሞሶሎኒ መንግሥት የፊልም ተቋም ሉቼ መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ሠራዊት ሲሰለፍ አሳየ። በኢትዮጵያውያን ወታደሮችና በገበሬው ላይ የዘነበውን የመርዝ ጋዝ ግን ደበቀ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቢቢሲ ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በ1989፣ የፋሺስቶቹን ወንጀል በዘጋቢ ፊልም አጋልጦ ነበር።

በደርግ ዘመን ካሜራው በመንግሥት እጅ ስለነበር ከግንባር የሚመጣው ምስል ድልና መፈክር ነበር። እውነቱን ለመናገር የደፈረው ብዕር ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ቅርብ ሆኖ አይቶ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ስለ ጦርነቱ በሐቅ የተናገሩት ፊልሞች ዘግይተው የመጡ ሲሆን፣ የመጡትም ከውጭ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን የተማረው አንበርብር በደርግ መጨረሻ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ ሲመለስ የሚያገኘው አፈሳን ነው። ታጣቂዎች ልጆችን ያሳድዳሉ፤ እናቶች ይጮኻሉ፤ ያመለጡት ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በየጎጆው ምን እንዳደረገ ለማወቅ እነዚያን ትዕይንቶች ማየት ይበቃል።

የዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ» (እ.ኤ.አ. 2018) ያንኑ አዲስ አበባ ላይ ያሳያል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1989 ነው። ወደ እስራኤል ለመሄድ የምትጠባበቀው ሚና፣ ጓደኛዋ ኤሊ እንዳይታፈስ ዛፍ ላይ ተደብቆ ሲኖር ልታድነው ትታገላለች። በሁለቱም ፊልሞች ጦርነት የሚታየው በቤተሰብ ዓይን ነው። ምሽግ ውስጥ የነበረው፣ የፈራው፣ የገደለው፣ ጓዱን የቀበረው፣ አካሉን አጥቶ የተመለሰው ሰው ግን ገና ተራው አልደረሰም።

ሌሎች አፍሪካውያን በዚህ ቀድመውናል። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ፊልም ለፈረንሳይ ተዋግተው የተመለሱ አፍሪካውያን ደመወዛቸውን ቢጠይቁ በ1944 ቲያሮዬ ላይ መረሸናቸውን አሳይቷል። በ2007 በፌስፓኮ ያሸነፈው የናይጄሪያዊው ኒውተን አዱዋካ «ኤዝራ» ደግሞ የቀድሞ ሕፃን ወታደርን በእርቅ ኮሚሽን ፊት ያቆማል፤ ተበዳይም በዳይም መሆኑን አይሸሽግም። ፒተር ጃክሰን በ2018 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፊልም ሲሠራ ተራኪ አላስገባም፤ የሚሰማው ከዓመታት በፊት የተቀዳ የወታደሮቹ የራሳቸው ድምፅ ነው።

ያን ፊልም ያስቻለው ድምፁ አስቀድሞ መቀዳቱ ነው። እኛም ከዚያው መጀመር እንችላለን። በምዕራብ ጎንደር ቆላም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ከምፅዋ፣ ከናቅፋ፣ ከኦጋዴን የተመለሱ አባቶች ዛሬም አሉ፤ ከቅርቡ ጦርነት የተመለሱ ወጣቶችም አሉ። በየትኛው ወገን ተሰለፉ ሳይባል፣ ሳይቸኮሉና ሳይፈሩ ይናገሩ። የፊልም ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት መቅረጫችሁን ይዛችሁ ወደ እነሱ ሂዱ።