መዝገብን በብርሃን ማዳን፦ ካሜራን ከኮምፒዩተር የመቆጣጠርና በስቱዲዮ ፍላሽ የማንሣት ዘዴ



የዛሬው ርዕሴ የመሣሪያ ጉዳይ ቢመስልም መነሻው የከተማችን ታሪክ ነው። ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ያ መሥመር ከሠረገላና ከሐዲድ ሌላ በፈረንሳይኛ የተጻፉ መዝገቦችን፣ የግንባታ ንድፎችንና ፎቶግራፎችን ትቶልናል። የወረቀት ጠላቶች ግን ብዙ ናቸው፤ ሙቀት፣ አቧራና ምስጥ ቀስ በቀስ ይበሉታል፣ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ይወስደዋል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲነጥቀን፣ ውኃ በአንዲት ሌሊት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል። ቅጂ የሌለው ሰነድ ዕድሜው የአንድ አደጋ ያህል ብቻ ነው።

ቅጂ ማዘጋጀት ለአገራችን አዲስ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ መጻሕፍትን ቀርጿል። ሆኖም በፊልም ዘመን ምስሉ መበላሸቱ የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነበር። ካሜራው በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ግን እያንዳንዱ ገጽ በተነሣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በሰፊ ስክሪን ይታያል። የደበዘዘው ፊደል ገጹ ሳይገለጥ ይታረማል። ካሜራው በእጅ ስለማይነካ አይንቀጠቀጥም፤ ፋይሉም በመዝገቡ ቁጥርና በገጹ ተራ ወዲያውኑ ይሰየማል። ለዚህ የሚሆኑ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ፤ በሊኑክስ ጂፎቶ2፣ በዊንዶውስ ዲጂካምኮንትሮል ይጠቀሳሉ። ካሜራ ከመግዛት በፊት ፕሮግራሙ ያን ሞዴል የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ ግን ያሻል።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ። ብዙዎች ኮምፒዩተሩ ፍላሹን የሚያዝ ይመስላቸዋል። በተለመደው አሠራር ኮምፒዩተሩ ካሜራውን ያዛል፤ ካሜራው ደግሞ በላዩ በተሰካው የሬዲዮ ማስነሻ አማካይነት ፍላሹን ያበራል። ስለዚህ ፍላሹ እንቢ ሲል በመጀመሪያ የሚመረመረው ካሜራው ነው። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ከተመረጠ፣ በብዙ ካሜራዎች ፍላሹ ከናካቴው አይበራም።

ሁለተኛው ቁም ነገር የሸተር ፍጥነት ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ ከተላለፈ የምስሉ አንድ ጎን ይጨልማል፤ 1/125 አስተማማኝ ነው። የፍላሹ ብልጭታ ከዚህ እጅግ ያጠረ ስለሆነ የምስሉን ድምቀት የሚወስነው የሸተሩ ፍጥነት ሳይሆን የፍላሹ ኃይል፣ የሌንሱ ቀዳዳና አይኤስኦ ናቸው። እኔ በኤፍ 8 እና በአይኤስኦ 100 ጀምሬ የፍላሹን ኃይል አስተካክላለሁ። ከማንሣት በፊት በስክሪኑ የሚታየው ምስል ጨልሞ ቢገኝ አያስደንግጥ፤ ካሜራው ገና ያልበራውን ፍላሽ ሊያሳይ ስለማይችል ነው። የድምቀት ማስመሰያውን ማጥፋት ይበቃል።

ሁለቱ ፍላሾች ከሰነዱ ግራና ቀኝ፣ በእኩል ርቀት፣ በ45 ዲግሪ ይቁሙ። እንዲህ ሲሆን የሚያብለጨልጨው ፎቶግራፍ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ አይመልስም። ነጭ ወረቀት አስቀምጦ በማንሣት አራቱ ማዕዘኖች እኩል መድመቃቸውን በኮምፒዩተሩ ማየት ይገባል። ፍላሹ ተመልሶ እስኪሞላ ሳይጠበቅ ከተነሣ ምስሉ ይጨልማልና በሁለት ገጾች መካከል ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ግድ ነው።

የጥራቱን ልክም በቁጥር እንየው። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ነጥብ ይይዛል። አንድ ኤ4 ገጽ ምስሉን ሲሞላው በኢንች 480 ነጥብ ያህል ይደርሰዋል፤ ለደብዳቤ ከበቂ በላይ ነው። የሐዲድ ንድፍ በኤ2 ወረቀት ከሆነ ግን 240 ብቻ ስለሚሆን በክፍል በክፍል ተነሥቶ መገጣጠም አለበት።

መብራት ሊቋረጥ ይችላልና ከእያንዳንዱ ጥራዝ በኋላ ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ይቀዱ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከከዚራም ከመጋላም ውጭ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ።

በጡረታ ላይ ያሉ የባቡር ሠራተኞች ልጆች በመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየቤታችሁ ሣጥን ያለው የሥራ ደብተርና ፎቶግራፍ የታሪካችን አካል ነው። አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ሁለት ፍላሽ ሥራውን ለመጀመር ይበቃሉ፤ ወረቀቱ ግን እኛን አይጠብቅም።