ሳይዘንብ የሚሞላው ወንዝ

ባለፈው ሰኔ ከፈተና ስመለስ አቃቂ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነበር። በድንጋይ ድንጋይ የምንሻገረው ወንዝ ግን ደፍርሶ ሞልቷል። ሳይዘንብ! አንድ እግሬን ስከት ጫማዬን ወሰደው፤ አንድ እናት በቦርሳዬ ጎትተው መለሱኝ።

ውሃው ከየት መጣ? የጄኔራል ሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። አዲስ አበባ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ የእኛ ሰፈር ግን 2,100 አካባቢ ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ ስንወጣ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እነሱ ጋቢ ደርበው እኛ በቲሸርት የምንሆነው። እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ሆኖ እዚያው ይዘንባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ያንን ውሃ (ከነከተማው ቆሻሻ!) ይዘው በእኛ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ።

ክረምትን ሁላችንም እንጠነቀቃለን። የሚያታልለው በልግ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል፣ አንዳንዴ ሳይታሰብ ዱብ ይላል። ስለዚህ ወንዙ ጋ ስትደርሱ አናታችሁ ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትዩ፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ እዩ። ከጠቆረ በድልድዩ ዙሩ። ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም አሁን በዚያ ነው የምሄደው። ጫማዬ አባ ሳሙኤል ሳይደርስ አይቀርም።