የሲዲ ማጫወቻዎችን ስናወዳድር የምናወዳድረው ምንድን ነው?

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው ተከታታይ ገለጻ በድምፅ ከተቀዳው ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ጊዜው ያለፈበት ሊመስል ይችላል። ሙዚቃ ሁሉ በስልክ በሚደመጥበት ዘመን ስለ ሲዲ ማጫወቻ ማውራት ምን ይረባል የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ይሁንና በየቤታችን መደርደሪያ ላይ በሌላ በምንም መንገድ የማናገኛቸው ሲዲዎች ተቀምጠዋል፤ ማጫወቻዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው። ስለዚህም «ዶክተር፣ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። መካከለኛ ዋጋ የምለው በአውሮፓ ገበያ በግምት ከ300 እስከ 700 ዩሮ የሚሸጠውን ነው። ይህ ገንዘብ ለአንድ መምህር ቀላል አይደለም፤ በከንቱ ቢወጣ ያስቆጫል።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት ለረጅም ጊዜ ያገለገለኝን ማጫወቻ በእጥፍ ዋጋ በገዛሁት አዲስ መሣሪያ ተካሁ። በመጀመሪያው ምሽት ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ታየኝ፤ ባሱ ጠለቅ፣ የዘፋኙ ድምፅ ቀረብ፣ የሲምባሉ ንዝረት ጠራ ያለ መሰለኝ። በማስታወሻ ደብተሬ ሁለት ገጽ ሞልቼ ጻፍሁ፤ ለወዳጆቼም መሰከርሁ። ከሳምንታት በኋላ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ ሁለቱን ማጫወቻዎች ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ የ1 ኪሎ ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ያለበት ዲስክ አጫወተባቸውና ከመውጫቸው የሚወጣውን ቮልት ለካ። አሮጌው 2.0 ቮልት፣ አዲሱ 2.3 ቮልት ሰጠ። በዴሲቤል ሲሰላ ልዩነቱ 1.2 ነው። ሁለቱን በአንድ የድምፅ መጠን አስተካክሎ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳይነግረኝ ሲያስደምጠኝ ከ16 ጊዜ ያወቅሁት 9ኙን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ሳንቲም ወርውሬ ብገምትም ያው ነበር። ሁለቱን ገጽ ግን አልቀደድኋቸውም፤ እስካሁን ለትምህርት እጠቀምባቸዋለሁ።

የሆነው ምን ነበር? ድምፅ በመጠኑ ከፍ ሲል አድማጭ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ»፣ «ሞላ»፣ «ቀረበ» ይላል። ምክንያቱም ጆሯችን ዝቅ ባለ የድምፅ መጠን ለወፍራሙ ባስና ለቀጭኑ ድምፅ ያለው ስሜት ደካማ ነው። ፍሌቸርና መንሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። መጠኑ ጥቂት ሲጨምር ባሱም ቀጭኑም ከመካከለኛው ይልቅ ጎልተው ይሰማሉ። የሲዲ ማጫወቻዎች ከፍተኛ ውፅዓት በልማድ 2 ቮልት ገደማ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ከፍ የሚያደርጉት አምራቾች ጥቂት አይደሉም። ሸማቹ በሱቅ ውስጥ ቁልፍ እየተጫነ ሲያማርጥ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ነው፤ የሚከፍለው ግን ለጥራት ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሲዲ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሶኒና ፊሊፕስ በ1980 እ.ኤ.አ. በተስማሙበት ደረጃ መሠረት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ናሙና ይወሰድበታል፤ እያንዳንዱ ናሙናም በ16 ቢት፣ ማለትም ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ይመዘገባል። ይህ እስከ 22 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅና 96 ዴሲቤል ያህል ስፋትን ይይዛል። ጤናማ ወጣት የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ነው። በእኔ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ስለ ቀጭኑ ድምፅ «አየር» ሲመሰክርላችሁ፣ እኔንም ጨምሮ፣ በጥርጣሬ ስሙት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በማጫወቻዎች መካከል እውነተኛ የምህንድስና ልዩነት ነበር። በጥቅምት 1982 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ የቀረበው የሶኒ ሲዲፒ-101 የ16 ቢት መቀየሪያ ሲኖረው፣ የፊሊፕስ ሲዲ100 ደግሞ የ14 ቢት ቺፕ ይዞ የናሙናውን ፍጥነት አራት እጥፍ በማሳደግ ጉድለቱን ያካክስ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች የተለያየ መንገድ ነበር የመረጡት፤ ክርክሩም ቁም ነገር ነበረው። ዛሬ ግን ዲጂታሉን ቁጥር ወደ አናሎግ ሞገድ የሚለውጠው ቺፕ ርካሽ ሆኗል፤ በመካከለኛው ዋጋ የሚገኝ ጤናማ ማጫወቻ የሚያመጣው መዛባትና ሁካታ ከመስማት ወሰናችን በታች ነው። በዚህ ረገድ ሜየርና ሞራን በ2007 እ.ኤ.አ. በድምፅ ምህንድስና ማኅበር መጽሔት ያወጡት ሙከራ ይጠቀሳል። ከሲዲ የላቀ ጥራት ያለውን ቅጂ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ደረጃ ዝቅ እንዲል አድርገው አስደመጡ፤ አድማጮቹም በትክክል የለዩት ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉን ነበር። ይህም በግምት የሚገኘው ውጤት ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ ለማወዳደር የምትፈልጉ፣ ሁለት ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛው የድምፅ መጠኑን በጆሮ ሳይሆን በመለኪያ ማስተካከል ነው፤ ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም፤ በቮልት ሲሰላ 1 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው አድማጩ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ አለማወቁ ነው። ከ16 ሙከራ 12 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ፣ ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከ4 በመቶ በታች ስለሆነ በቁም ነገር መመርመር ይገባዋል። 9 ወይም 10 ካገኛችሁ ግን ገንዘባችሁን ለስፒከር አውሉት። ስፒከርና የክፍሉ ግድግዳ በድምፁ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ከማጫወቻ ልዩነት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ታዲያ ማጫወቻ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛው ቦታ ተግባሩ ነው። ለምሳሌ ማራንትዝ ሲዲ6007 የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያና የዩኤስቢ መግቢያ አለው፤ ሁለት የማጣሪያ አማራጮችም ይሰጣል። ማጣሪያዎቹ በዋናነት የሚለያዩት ከመስማት ወሰን ጫፍ አካባቢ ስለሆነ ለዚያ ብዬ አልከፍልም። ያማሃ ሲዲ-ኤስ303ም ዩኤስቢ ያነባል። ናድ ሲ 538 ቁጥብ ነው፤ ሲዲ ያጫውታል፣ ዲጂታል መውጫ አለው፣ በቃ። ሮቴል ሲዲ11 ትሪቢዩት የታወቁት የድምፅ መሐንዲስ ኬን ኢሺዋታ በ2019 እ.ኤ.አ. ከማረፋቸው በፊት የጀመሩት ሥራ በመሆኑ ብዙዎች በፍቅር ይናገሩለታል፤ ፍቅሩን አከብራለሁ፣ የመለኪያ ውጤት አድርጌ ግን አልወስደውም። ካምብሪጅ ኦዲዮ ሲኤክስሲ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ መቀየሪያ ቺፕ በውስጡ የለም፤ ዲስኩን አንብቦ ቁጥሩን ብቻ ያወጣል። አምፕሊፋየራችሁ ዲጂታል መግቢያ ካለው፣ መቀየሪያውን ሁለቴ መግዛት ትርፍ ስለሆነ፣ የእኔ ምርጫ ይህን የመሰለው ነው። ከሌለው ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ለሚጠቀም ማራንትዙ ይሻላል።

ሁለተኛውና ለእኛ ዋነኛው ግን የማንበብ ችሎታ ነው። ማንም በማስታወቂያ ላይ አይጽፈውም። በዲስኩ ላይ ያለው ጠመዝማዛ መስመር እርስ በርሱ የሚራራቀው 1.6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ሌዘሩ ይህን መስመር ከመሀል ወደ ዳር ይከተላል፤ ዲስኩም መሀል ላይ በደቂቃ 500 ያህል፣ ዳር ላይ 200 ያህል ይዞራል። ሌንሱ በስስ ሽቦ ጥቅል ተንጠልጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳያቋርጥ ራሱን ያስተካክላል። ቁጥሮቹ ተበታትነው ስለተጻፉ 2.5 ሚሊሜትር ያህል የመስመሩ ክፍል ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ስህተት ማረሚያው እንዳለ መልሶ ያገኘዋል። ከዚያ ካለፈ መሣሪያው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ይህም ካልሆነለት ዝም ይላል ወይም ይዘላል። አድማጭ ያለ መለኪያ፣ ያለ ክርክር የሚሰማው ልዩነት ይህ ነው፤ አንዱ ማጫወቻ የሚያልፈውን ጭረት ሌላው አያልፈውም።

በአገራችን ሁኔታ ይህ ይባባሳል። በእጃችን ካሉት ዲስኮች ብዙዎቹ በፋብሪካ የታተሙ ሳይሆኑ በኮምፒውተር የተቀዱ ናቸው። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ ከሚያርፍበት ብርሃን 70 በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ደግሞ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ስለሚመልስ ሌዘሩ የደከመ ማጫወቻ «ዲስክ የለም» ይላል። አቧራው ሌንሱን ይሸፍናል፤ የመብራቱ መጥፋትና መምጣትም አለ። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ የሚያምረውን ዲስክ ሳይሆን ከቤታችሁ እጅግ የተጫጫሩትን ሦስት ይዛችሁ ሂዱ። የመጨረሻውን ዘፈን አጫውቱ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዲስኩ ዳር ላይ ነውና። ሌንሱ ሲያልቅ መለዋወጫ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ጠጋኙን ጠይቁ። በእኔ እምነት 350 ዩሮ የሚያወጣና የሚጠገን ማጫወቻ 700 ዩሮ ከሚያወጣና ከማይጠገን ይበልጣል።

ስለ ቅጂው ራሱም አንድ ነገር ልጨምር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጁትን የኢትዮጲክስ ተከታታይ ሲዲ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው 4ኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በዚያ ተከታታይ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የታተሙት በሸክላ ነበር። የሸክላና የቴፕ የራሱ ሹክሹክታ ከሲዲው 96 ዴሲቤል ወለል እጅግ በላይ ስለሆነ፣ ማጫወቻው የሚጨምረው ሁካታ ከዚያ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሲዲ እያጫወተ ስለ መቀየሪያ ቺፕ ረቂቅ ልዩነት የሚከራከር ሰው የሚሰማው ምናልባት የ1960ዎቹን የማይክሮፎን ጠባይ ይሆናል። እሱም ቢሆን ውበት አለው።

(ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ፦ ሲዲውን ወደ ኮምፒውተር ብንገለብጠው አይሻልም?)

ይሻላል፤ ለማዳን ከሆነ ዛሬ ማታ ጀምሩ። ሁለት ጊዜ ገልብጣችሁ ሁለቱን ፋይሎች አወዳድሩ፤ አንድ ከሆኑ ንባቡ ትክክል ስለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ድምፁን በማይቀንስ የፋይል ዓይነት አስቀምጡት፤ ኤምፒ3 ለዚህ አይሆንም። ዋናውን ዲስክ ግን አትጣሉት።

(ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ፦ የልጄ ሠርግ የተቀዳበት ሲዲ በቤት ያለው ማጫወቻ አላነብ ብሏል። ሌላ ቅጂ የለኝም።)

እናቴ፣ ተስፋ አይቁረጡ። አንዱ ማጫወቻ ያላነበበውን ሌላው ሊያነበው ይችላል፤ በተለይ የኮምፒውተር ማንበቢያዎች ፍጥነታቸው ሲቀነስ ይሻላሉ። በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉት እንጂ አያዙሩት፤ ክብ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ስለሚሄድ ስህተት ማረሚያውን ያሸንፈዋል። በጽሑፉ በኩል ምንም አይለጥፉበት፤ መረጃውን የያዘው ስስ ሽፋን ያለው ከዚያ ሥር ነው፤ ተለጣፊው ሲነሣ አብሮ ይላጣል። ዲስኩን ይዘውት መጥተዋል? እንግዲያው እንግዶቹ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ወደ ላቦራቶሪ እንውረድና በሦስቱ ማንበቢያዎች እንሞክረው።