ዓሦች በድንገት ያለቁበትን የመስተዋት ገንዳ መልሶ ስለ ማቋቋም

የጌጥ ዓሣ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ፥ እንዲሁም ለሱቃቸው ወይም ለሆቴላቸው ማማሪያ የመስተዋት ገንዳ ላቆሙ ነጋዴዎች ሁሉ የሚያሳስብ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ማታ ደኅና የነበሩት ዓሦች ጧት በውኃው ላይ ተንሳፍፈው መገኘታቸው ነው። ባለ ገንዳው ይህን ባየ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ውኃውን እስከ መጨረሻው ደፍቶ፥ ጠጠሩንና ማጣሪያውን በሳሙና አጥቦ፥ አዲስ ውኃ ሞልቶ፥ በሳምንቱ ሌላ ዓሣ ገዝቶ ይጨምራል። እነዚህም ደግሞ ይሞታሉ። የመጀመሪያው ኪሣራ ምናልባት ሊያመልጡት የማይቻል ነበር፤ ሁለተኛው ግን በገዛ እጅ የመጣ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና የሞተ ዓሣም ሲበሰብስ ይህንኑ መርዝ ይጨምራል። በሐይቅ ውስጥ የውኃው ብዛት ያቀጥነዋል፤ በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ዓሦቹን በሕይወት የሚያቆዩአቸው በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። ናይትሮሶሞናስ የሚባሉት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትሮስፒራ የሚባሉት ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። በሳሙና ያጠበ ሰው ያጠፋው እነዚህን ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉትን ሠራተኞች ነው። አዲስ ማኅበር እስኪቋቋም ድረስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ተሐዋስያኑም እንደ ዓሦቹ ኦክሲጂን ይፈልጋሉ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ኃይል ለብዙ ሰዓት ተቋርጦ ማጣሪያው ሲቆም በውስጡ ታፍነው ይሞታሉ፤ ኃይሉ ሲመለስም ማጣሪያው የበሰበሰውን ውኃ ወደ ገንዳው ይገፋዋል። በአዲስ አበባ ችግሩ ይብሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጂን ሲይዝ፥ በዚህ ከ6 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መከተል እንግዲህ አይገባም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ የሞቱትን ማውጣትና የአየር መንፊያውን በሙሉ ኃይሉ ማሠራት ነው። ቀጥሎ ከውኃው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን በአዲስ ይለውጧል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በሶዲየም ታዮሰልፌት አስቀድሞ ማርከስ፥ ሙቀቱንም ከገንዳው ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በባልዲ ውስጥ ብቻ ነው። ምግብ ለሁለትና ሦስት ቀን ይከልከል፤ ያደገ ዓሣ በዚህ አይሞትም። ዓሦቹ ያለቁት በበሽታ ካልሆነ፥ ጤናማ ገንዳ ካለው ነጋዴ አንድ ያገለገለ ስፖንጅ መለመን ሥራውን እጅግ ያፋጥነዋል፤ ወለድ የማይጠየቅበት ብድር ይህ ነው። ናይትራይት የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክሲጂን እንዳይሸከም ስለሚከለክል፥ በአንድ ሊትር 1 ግራም ያህል የወጥ ጨው መጨመር መርዙ በስንጥቡ እንዳይገባ ይከላከላል። አዲስ ዓሣ የሚገባው በመመርመሪያው ሲታይ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው፤ ያውም ጥቂት በጥቂት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ግን አለ። የአሞኒያ መርዛማነት በውኃው ኮምጣጣነት ይወሰናል። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ክፍል አሥር እጥፍ ያህል ያድጋል። ስለዚህ ለብዙ ወራት ሳይለወጥ የኮመጠጠ ውኃ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተለወጠ ተደብቆ የነበረው መርዝ ይነሣል፤ እንዲህ ያለው ገንዳ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ መለወጥ አለበት።

ይኸው ሕግ አስመጪዎችን ይበልጥ ይነካል። በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ረጅም መንገድ የመጣ ዓሣ ከትንፋሹ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ያኮመጥጥለታል፤ አሞኒያውም ለጊዜው ጉልበት ያጣል። ከረጢቱ በተከፈተ ጊዜ ጋዙ ያመልጣል፥ መርዙም ወዲያው ይበረታል። ስለዚህ ከረጢቱን እንደ ታሸገ ሙቀቱ እስኪስተካከል 20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ላይ አንሳፍፎ፥ ከተከፈተ በኋላ ሳይዘገዩ ዓሦቹን በመረብ ማውጣት ይገባል፤ የከረጢቱም ውኃ ወደ ገንዳው ሳይገባ ይደፋል።